ከካርቱም እስከ ኔልስፕሩት፤ ኳስ ለማየት ስለ ተደረገ ጉዞ

የመታሰቢያው መጽሐፍ አዘጋጆች «በዕድሜህ ካየኸው ነገር ለታሪክ ይጠቅማል የምትለውን አንዱን መርጠህ ጻፍልን» ብለው ባዘዙኝ ጊዜ፣ ብዙ ካሰብኩ በኋላ ስለ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ለመጻፍ ቈረጥኩ። ይህን የሰሙ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ሳይስቁብኝ አልቀሩም። 36 ዓመት ሙሉ ስለ መቅደላና ስለ ዐድዋ፣ ስለ በርሊን ጉባኤና ስለ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሲያስተምር የኖረ ሰው በጡረታው ዘመን ስለ ኳስ ሊጽፍ ነውን? አሉ። እኔም፣ ታሪክ ያለ መንገደኛ እንደማይኖር፣ መንገደኛም በልዩ ልዩ ምክንያት ከቤቱ እንደሚወጣ ነግሬያቸው ወደ ጽሕፈቴ ተመለስኩ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት በአገራችን አቈጣጠር ነው፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የጻፍኩት ሲኖር «እ.ኤ.አ.» እያልኩ አመለክታለሁ።

በእኛ በኩል ባለው የአፍሪካ ክፍል ሰው ድንበር ተሻግሮ ሲሄድ የኖረው ለንግድ ነው፤ ወይም ኢየሩሳሌምንና መካን ለመሳለም ነው፤ ወይም ጦርነትና ረኃብ አስገድደውት ነው። ኳስ ለማየት ብሎ ድንበር መሻገር ግን ዕድሜው ከመቶ ዓመት እምብዛም አይበልጥም። በምሥራቅ አፍሪካ የዚህ ነገር መጀመሪያ ኬንያና ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1926 ያደረጉት ግጥሚያ ነው ለማለት ይቻላል። ዋንጫው የጎሴጅ ዋንጫ ይባል ነበር፤ ጎሴጅ የተባለውም የእንግሊዝ የሳሙና ፋብሪካ ነው። ያን ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ ካምፓላ ስላልደረሰ (የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው)፣ ከኡጋንዳ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ መንገደኛ የቪክቶሪያን ሐይቅ በመርከብ ተሻግሮ ከኪሱሙ ባቡር የመሳፈር ልማድ ነበረው። ታንጋኒካ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ዛንዚባር በ1949 ወደ ውድድሩ ገቡ። ዛሬ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሚወዳደሩበት ዋንጫ የዚያ የሳሙና ዋንጫ ልጅ ነው፤ ኢትዮጵያም በ1980 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጫውታ ወስዳዋለች።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። የአፍሪካ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ ነው። ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች ገና ዓመት ከወር ብቻ ሆኗት ነበር። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር ተጀመረ፤ ኢትዮጵያም ከደቡብ አፍሪካ ጋር እንድትጫወት ተመደበች። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ግን በአገራቸው የዘር መለያየት ሕግ ምክንያት ወይ ነጮች ብቻ ያሉበትን ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አንልክም ስላሉ ከውድድሩ ውጭ ሆኑ። ስለዚህ ኢትዮጵያ አንድም ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ የካቲት 9 ቀንም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግብ ያገባው አድ-ዲባ በሚለው ስሙ የታወቀው ተጫዋች ነው።

የስፖርት ጸሓፊዎች ስለ አድ-ዲባ አራት ግቦች ይጽፋሉ፤ መጻፋቸውም ተገቢ ነው። እኔ ግን እንደ ታሪክ መምህር ስመለከተው፣ ያልተደረገው ጨዋታ ከተደረገው ይልቅ ብዙ ነገር የያዘ ሆኖ ይታየኛል። ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ሜዳ ፊት ለፊት ሳይተያዩ የቀሩበት ቀን 35 ዓመት ያህል የቈየ መዘጋት መጀመሪያ ሆነ። ደቡብ አፍሪካ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ተባረረች፤ የዓለም የእግር ኳስ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ1961 አገዳት፣ በ1976ም አስወጣት። የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን በሩን አጥብቀው ከያዙት ሰዎች አንዱ የኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው በዚህ ነገር አልተለሳለሱም። ያረፉት በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ስለ ሆነ የበሩን መከፈት ለማየት አልታደሉም።

አሁን ወዳጄን ላስተዋውቃችሁ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ «ከጻፍክ ዘመዶቼ ገንዘብ ያለኝ ይመስላቸዋል» ይላል። በሆሳዕና በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እኔ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ እርሱ የሰውነት ማጎልመሻ እያስተማርን ብዙ ዓመት አብረን ኖረናል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ በወሰደችበት ቀን በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ስታዲዮም ከነበሩት አንዱ ነው። ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀን ስለ ሆነ በአዲሱ የጥምቀት ልብሱ ሄደ፤ ጭቃና አቧራ ለብሶ ሲመለስም እናቱ ገርፈውታል።

ያን ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደ ነገረኝ ቈጥሬ አልጨርሰውም። ግብፆች በበደዊ ግብ ቀደሙ፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ወዲያው በደዊ ሁለተኛውን አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ሁለቱ ወንድማማቾች የአስመራ ልጆች ናቸው። ዋንጫውን ለሉቻኖ የሰጡት ግርማዊ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ አሠልጣኙም ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ወዳጄ ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ነገር ግን በቁመቱ አጭር ስለ ነበረና ከረጃጅም ሰዎች ጀርባ ስለ ቆመ ከአራቱ ግቦች አንዱንም በዐይኑ አላየም። «በጆሮዬ ነው ያየሁት» ይላል። ይህን የነገረኝ ከተዋወቅን ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንደ ዐይን ምስክር አድርጌ ለተማሪዎቼ እጠቅሰው ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ውድድር ከተካፈሉት አራት አገሮች አንዷ ኡጋንዳ ነበረች፤ ነጻነቷን ያገኘችው ከዘጠኝ ወር በኋላ ስለ ሆነ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ገና በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ሆና ነው። ከፍጻሜው ጨዋታ በኋላም ብዙ ሳይቈይ ኔልሰን ማንዴላ ከአገራቸው በስውር ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ፤ በአፍሪካ የነጻነት ታጋዮች ጉባኤ ላይ ንግግር አደረጉ። በዚያው ዓመት ክረምት ተመልሰው በኮልፌ የጦር ትምህርት ተቀብለዋል። በስታዲዮሙና በኮልፌ መካከል ያለው መንገድ በእግር ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። በታሪክ መጽሐፍ ግን ሁለቱ ነገሮች በአንድ ገጽ ተጽፈው አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን አጭር ነገር ይበቃዋል። ኢትዮጵያ በ1960ና በ1968 ዓ.ም. ውድድሩን በአገሯ አዘጋጀች፤ በ1962 ዓ.ም. በሱዳን በአይቮሪ ኮስት 6 ለ 1 ስትሸነፍ ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት አገባባት። በ1974 ዓ.ም. ወደ ሊቢያ ሄዳ አንድም ግብ ሳታገባ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ 31 ዓመት ሙሉ በአፍሪካ ዋንጫ ላይ አልታየችም። እኛ ያስተማርናቸው ልጆች፣ የልጆቻቸው ልጆችም ጭምር፣ የኢትዮጵያን ቡድን በዚያ ውድድር ሳያዩ አደጉ፤ የእንግሊዝ አገር ክለቦችን ስም ግን ከአገራቸው ጠቅላይ ግዛቶች ስም ይልቅ ያውቁት ነበር።

መንገዱ እንደገና የተከፈተው በሱዳን በኩል ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ቡድናችን በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፈ፤ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ አምስት ለአምስት ቢሆንም በሰው ሜዳ ብዙ ያገባች ኢትዮጵያ ስለ ሆነች አለፈች። ውድድሩ ሊቢያ ላይ እንዲደረግ ታስቦ የነበረ ሲሆን፣ በዚያ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። የዕጣው ውጤት በተነገረ ማግሥት ወዳጄ ስልክ ደወለልኝ። ሰላምታም አላቀረበም።

«ጥር 13 ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«የመጀመሪያው ጨዋታ። ጥር 13። ከዛምቢያ ጋር። እኔ እሄዳለሁ፤ አንተም ትሄዳለህ።»

መዝገብ አውጥቼ አሰላሁት። እውነት ነው፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ 51 ዓመት፣ በቀንም አልተዛነፈ። የተጠራቀመችኝ ገንዘብ ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ መግዣ የታሰበች ነበረች። ባለቤቴን ሳማክራት ጥቂት ዝም ብላ «እንግዲያው ዘንድሮም ከባልዲው ጋር እንከርማለን» አለች፤ እኔም ይህን እንደ ፈቃድ ቈጠርኩት። ስለ ይለፍ ፈቃዱና ስለ ወረፋው አልጽፍም፤ ጡረተኞች ኳስ ለማየት ባሕር ማዶ ይሄዳሉ ብሎ የሚያምን ጸሓፊ ማግኘት እንዳስቸገረን ብቻ ልናገር።

ከአዲስ አበባ እስከ ጆሃንስበርግ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በወንበሩ ፊት ባለችው ትንሽ መስኮት ላይ አውሮፕላኑ የሚሄድበት ካርታ ይታያል። ወዳጄ እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔ ግን ካርታውን ስመለከት ዐሥር ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ትዝ አለኝ።

በ1995 ዓ.ም. በዐሥረኛ ክፍል አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረኝ። አንድ ቀን በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ እጁን አውጥቶ «ከሞያሌ ተነሥቶ በየብስ እስከ አፍሪካ ጫፍ የሚሄድ ሰው ስንት አገር ያልፋል?» ሲል ጠየቀኝ። እጅግ ደስ አለኝ። ከመጽሐፉ ውጭ የሚጠይቅ ተማሪ የመምህር በዓሉ ነው። ጠመኔ አንሥቼ በሰሌዳው ላይ ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን፣ ዚምባብዌን፣ ደቡብ አፍሪካን ሣልኩ፤ ሐይቆቹንና ወንዞቹን ጨመርኩ፤ ደወሉ ቢደወልም አላቋረጥኩም። ከኋላ የተቀመጡ ሦስት አራት ልጆች ከልጁ ጋር ሆነው ካርታውን ወደ ደብተራቸው ሲገለብጡ አይቼ የበለጠ ደስ አለኝ። ወር ሳይሞላ ልጁና ጓደኞቹ ከክፍል ጠፉ። ስም ስጠራ «ደቡብ አፍሪካ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ክፍሉም ሳቀ። እኔም በስም መጥሪያው ላይ በቀይ ቀለም «አቋርጧል» ብዬ ጻፍኩ። በመዝገባችን ለእንዲህ ያለው ነገር ከዚህ ቃል በስተቀር ቦታ የለውም። የትምህርት ሹሞች ይህን ካነበባችሁት፣ ወዴት እንደ ሄደ የሚጻፍበት አንድ ዐምድ ቢኖር ኖሮ ነገሩን ከብዙ ዓመት በፊት ልናውቀው እንችል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ወዳጄም ከዚያ ልጅ ጋር የራሱ ቅሬታ ነበረው። ልጁ የትምህርት ቤታችን ቡድን በረኛ ነበር፤ የጠፋውም ለዞኑ ዋንጫ ፍጻሜ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። በምትኩ የቆመው ልጅ ሦስት ግብ ገባበት። ወዳጄ ይህን ነገር በዐሥር ዓመት ውስጥ አልረሳውም።

ጆሃንስበርግ ስንደርስ ከአውሮፕላን ጣቢያው ደጃፍ ጠና ያለ፣ ጢሙን ያሳደገ ሰው «ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። እርሱ ነው። ከአገር ቤት ሁለት መምህራን እንደሚመጡ ሰምቶ ሊቀበለን መኪና ይዞ መጥቶ ነበር። ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ወዳጄ ክንዱን ያዘውና «አንተ! የዞኑን ዋንጫ ያሳጣኸን አንተ አይደለህምን?» አለው። ልጁም «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደላላው ቀኑን አልቀይርም ብሎኝ ነው» ሲል መለሰ። ሦስታችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ያን ሌሊት በከተማው መካከል፣ ሐበሾች «ጄፒ» በሚሉት ሰፈር አደርን። በየፎቁ ሱቅ፣ በየደረጃው ምግብ ቤት፣ የቡና ሽታ፣ የበርበሬ ጆንያ። በደረጃው ላይ የሚሰማው ቋንቋ ከአማርኛ ይልቅ ሀዲይኛና ከምባትኛ ይበዛ ነበር። በማግሥቱ ባንዲራ በመስኮቶቹ ካወለበለቡ ሌሎች መኪኖች ጋር ሆነን ወደ ኔልስፕሩት ተነሣን፤ መንገዱ ወደ ምሥራቅ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ የድንጋይ ከሰል የሚወጣበትን የዊትባንክን ሜዳና የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹን ግዙፍ ጢስ መውጫ ይዘን ሄድን፤ ቀጥሎም ምድሩ ወደ ቈላ ይወርዳል፤ የብርቱካን እርሻና ሙቀት ይጀምራል። ከዚያ አልፎ የሞዛምቢክ ወሰን ቅርብ ነው።

በመንገድ ላይ ልጁ አወራን። ከቤቱ እስከ ጆሃንስበርግ አምስት ወር ፈጅቶበታል። ሁለት ጊዜ ታስሯል። «ቲቸር» አለኝ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «የአገሮቹን ተራ በትክክል ነበር ያስተማሩን፤ አንድም አልተሳሳተም። ነገር ግን የማላዊን ሐይቅ ትንሽ አድርገው ነው የሣሉት። እኛ በአጠገቡ ስንሄድ አያልቅም።»

የዚያ ሐይቅ ርዝመት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። በሰሌዳው ላይ ስሥለው ግን ከጠመኔዋ ርዝመት አልበለጠም፤ የካርታውንም መስፈርት አልጻፍኩበትም። ከርሱ ጋር የሄዱት ሦስት ልጆች እንዴት እንደ ሆኑ ጠየቅኩት። ሁለቱ አሉ፣ አንዱ በኬፕ ታውን ነው አለኝ። ሦስተኛውስ? ስል፣ «ታንዛንያ ቀረ» ብሎ ሬዲዮኑን ከፈተ። ከስድስት ወር በፊት፣ በሰኔ 2004 ዓ.ም.፣ በታንዛንያ በዶዶማ አካባቢ በአንድ ጭነት መኪና ታፍነው ከሞቱት ከ40 በላይ የሚሆኑ የአገራችን ልጆች ዜና ገና ከልባችን አልጠፋም ነበርና ዳግመኛ አልጠየቅሁትም። እርሱ ራሱም ቢሆን በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣውና ከ60 በላይ ሰው በሞተበት ሁከት ሱቁ ተዘርፎበት እንደገና ከዜሮ የጀመረ ሰው ነው።

ስታዲዮሙ ለ2002ቱ የዓለም ዋንጫ የተሠራ፣ 40,000 ያህል ሰው የሚይዝ ነው። ጣራውን የተሸከሙት ምሰሶዎች የቀጭኔ መልክ አላቸው፤ መቀመጫዎቹም እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ሜዳው ግን ለዚህ ሁሉ ጌጥ የሚገባ አልነበረም፤ ሣሩ ተነቅሎ አሸዋው ይታይ ነበር። ወዳጄ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ስለ ሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የተመለከተው ሜዳውን ነው፤ «የሆሳዕናው ይሻላል» አለ። በዚያ ቀን ከተቀመጡት ሰዎች እጅግ የሚበዙት የኛ ሰዎች ነበሩ። ከኬፕ፣ ከደርባን፣ ከየገጠሩ ሱቃቸውን ዘግተው በሺሕ የሚቈጠሩ መጥተዋል። መዝሙሩ ሲዘመር አጠገቤ የቆመ አንድ ጎልማሳ ቃሉ ጠፍቶበት ዜማውን ብቻ ያሰማ ነበር፤ መዝሙሩ የተለወጠው እርሱ ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ይሆን ይሆናል።

ጨዋታው የተጀመረው በእኛ የሰዓት አቈጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ዛምቢያ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ነበረች። ሆኖም ልጆቻችን ኳሱን እየተቀባበሉ፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተማሩትን ሳይለቁ በመጫወታቸው ተመልካቹን ሁሉ አስደነቁት። የፍጹም ቅጣት ምት አገኘን፤ ሳላዲን መታ፤ በረኛው ምዌኔ መለሰበት። ያን ጊዜ የወረደው ጸጥታ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ቀጥሎ በረኛችን ጀማል ጣሰው ግቡን ለቅቆ ወጥቶ እግሩን ከፍ አድርጎ ከአንድ የዛምቢያ ተጫዋች ጋር ተጋጨ፤ ራሱም ተጐዳ። ዳኛው ቀይ ካርድ ያሳየው በቃሬዛ ላይ እንደ ተኛ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ባልጽፈው እወድ ነበር፤ የታሪክ መምህር ግን የወደደውን ብቻ አይጽፍም። ከኛ ወገን ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳው ይወረወር ጀመር፤ ጨዋታውም ለጥቂት ደቂቃ ቆመ። ወዳጄ በመቀመጫው ላይ ወጥቶ በትምህርት ቤት ሜዳ በሚጮኸው ድምፁ «ተው! አታዋርዱን!» እያለ ጮኸ፤ የሰማው አልነበረም። የቀድሞው ተማሪያችን ብቻ ተነሥቶ ሊወረውር ከተዘጋጀ አንድ ወጣት እጅ ቩቩዜላውን ቀማና ተቀመጠበት። ስለዚህ ነገር የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችን በኋላ በገንዘብ ተቀጥቷል። ቁጣው ከቀዩ ካርድ ብቻ የመጣ አልመሰለኝም። እነዚያ ልጆች በዚያ አገር በየቀኑ የሚደርስባቸውን ችለው የሚኖሩ ናቸው፤ በዚያ ቀን ግን ብዙ ሆነው ነበር። ይህን የምለው ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም፤ ወዳጄ በዚህ ቃሌ እስከ ዛሬ አይስማማም።

ዕረፍት ሊሆን ሲል ምቤሱማ ለዛምቢያ አገባ። አንድ ሰው ጐድሎብን፣ አንድ ግብ ተቈጥሮብን፣ ብዙዎች ነገሩ አለቀ ብለው ነበር። ተማሪያችን ግን ተተክቶ የገባውን በረኛ ዘሪሁን ታደለን ብቻ ይመለከት ነበር፤ ኳሱ በሌላው ወገን ሳለ እንኳ ዐይኑ ከርሱ አልተነሣም። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ ኳሱን በዛምቢያ መረብ ውስጥ አሳረፈው። ስታዲዮሙ በአንድ ጊዜ ቆመ። የማላውቀው ሰው አቅፎ አነሣኝ፤ መነጽሬ ወደቀ። መነጽሬን አግኝቼ ወደ ወዳጄ ዞር ስል፣ ከፊቱ በተደረደሩት ረጃጅም ጎልማሶች ጀርባ በጣቶቹ ቆሞ እንባው ይወርዳል።

«አየኸው?» አልኩት።

«ዘንድሮም በጆሮዬ ነው» አለኝ።

ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው እንደምታስታውሱት ነው፤ ጥር 17 ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ጥር 21 ቀን በሩስተንበርግ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉን፤ በዚህኛውም ጨዋታ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቷል። በአንድ ነጥብ ከምድባችን መጨረሻ ሆነን ቀረን። ዋንጫውን የወሰደችው ናይጄሪያ ናት። እኛ ገንዘባችን ስላለቀ የቡርኪናውን በጄፒ ምግብ ቤት በቴሌቪዥን አይተን ተመለስን።

ከመመለሳችን በፊት በነበረው ማታ፣ ወዳጄ ሲተኛ፣ ለዚያ ልጅ ስለ ካርታው ተናገርኩ። ስሙን በቀይ ቀለም እንደ ሰረዝኩት፣ ካርታውን ባልሥልለት ኖሮ ብዬ ብዙ ሌሊት እንዳሰብኩ ነገርኩት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ቢሥሉትም ባይሥሉትም እሄድ ነበር። አጎቴ ከኔ በፊት ሄዷል፤ ቤታችን በቆርቆሮ የተከደነው እርሱ በላከው ነው። የርስዎ ካርታ የጠቀመኝ አንድ ቀን ነው። በሌሊት ከመኪና አውርደው ደቡብ አፍሪካ ገብታችኋል ሲሉን፣ ሐይቁን ገና አላለፍንም ብዬ ተከራከርኩ። ልክ ነበርኩ፤ ሊጥሉን ነበር። ቢሆንም ርቀቱን ቢጽፉልን መልካም ነበር።»

ይህን ያለው ሊያጽናናኝ እንደ ሆነ ወይም እውነቱን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያቀበለኝን ሻይ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ጠዋት ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሲያደርሰን የነዳጅ ዋጋ ልንሰጠው ብንሞክር ተቈጣ። ለእናቱ የተላከ ዕቃ ግን ሰጠን፤ አንድ ወፍራም ሹራብ፣ ጫማ፣ የስኳር በሽታ መድኃኒት፣ በስታዲዮሙ አጥር አጠገብ ከወዳጄና ከእኔ ጋር የተነሣው ፎቶግራፍ። በየካቲት ወር ከወዳጄ ጋር ሆሳዕና ወርደን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቀበሌ በእግር ሄደን አደረስን። እናቲቱ ከቤት ወጥተው ተቀበሉን፤ ፎቶግራፉን ወደ ብርሃን አውጥተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከስቷልን? ሲሉ ጠየቁን፤ አልከሳም አልናቸው። ጢሙን ለምን አሳደገ? አሉ፤ የአገሩ ልማድ ነው አልናቸው። ሐይቅ አጠገብ ነውን የሚኖረው? ሲሉ ግን ወዳጄ ወደኔ ተመለከተ፤ እኔም የለም፣ ከሐይቁ ብዙ ርቋል አልኳቸው። ቡና ተፈላ። ስለ ኳሱ ማንም አልጠየቀንም።